የኢንዛይም ክሪስታል በኪሎ አይሸጥም

ጥያቄው፦ «በኬሚስትሪ ተመርቄ በሙያዬ ሥራ ስላላገኘሁ ከወንድሜ ጋር ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በጣና ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት አለማለሁ። ውኃ የምንስበው ከሐይቁ ነው፤ መርጫውንም የምናጥበው እዚያው ነው። በቅርቡ የፀረ ተባይ መርዝ የሚያፈርስ ኢንዛይም ‹ክሪስታል መዋቅር› መገኘቱን አነበብሁ። ክሪስታሉ የት ይገዛል? በበርሜል ውኃ አሟሙተን ቲማቲሙን ብናጥብበት፣ የተረፈውንም ወደ ሐይቁ ብንለቀው መርዙን ያጠፋልናል? የማይገኝ ከሆነስ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሠራው መዋቅር አይተካውም? ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ስለሆነች ለጊዜው የምንበላውን ቲማቲም በበረኪና እያጠብን ነው።»

ምላሽ፦

በረኪናውን ዛሬውኑ ያቁሙት። ምክንያቱ ከኢንዛይሙ አሠራር ጋር ስለሚያያዝ ቦታው ላይ ስደርስ እመለስበታለሁ፤ ከጥያቄዎ ውስጥ ግን ለነገ የማይባለው እሱ ነው።

«የኢንዛይሙ ክሪስታል መዋቅር ተገኘ» ሲባል ኢንዛይሙ (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥነው ፕሮቲን) እንደ ጨው ደርቆና ታሽጎ ለገበያ ቀረበ ማለት አይደለም። ተመራማሪዎቹ ኢንዛይሙን የሚሠራውን ባክቴሪያ ያሳድጋሉ፣ ፕሮቲኑን ከሌላው ሁሉ ለይተው ያጠራሉ፣ ከዚያ ጨው ወይም ፖሊኢታይሊን ግላይኮል ካለበት ፈሳሽ ጋር አቀላቅለው በትንሽ ጠብታ ያስቀምጡታል። የጠብታው ውኃ ቀስ በቀስ ሲቀንስ፣ ከቀና፣ ለዓይን የሚያስቸግሩ ክሪስታሎች ይወጡበታል። ካልቀና የሚወጣው ዝቃጭ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚወጣውም እሱ ነው። ክሪስታሉ ወደ ግማሽ የሚጠጋው አካሉ ውኃ ስለሆነ በመርፌ ጫፍ ቢነኩት ይፈርሳል። በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ የኤክስሬይ ጨረር ይለቀቅበታል፤ ጨረሩ ተበትኖ የሚተዋቸው ነጥቦች ተሰልተው እያንዳንዱ አቶም የት እንዳለ ይታወቃል። ክሪስታሉ በጨረሩ ስለሚጎዳ ከዚያ በኋላ ለምንም አይሆንም። በእጅ የሚቀረው የአቶሞች አድራሻ የተጻፈበት የኮምፒውተር ፋይል ነው። ነገሩ የቤት ፕላንና ቤት ነው፤ ፕላን ውስጥ ገብቶ ያደረ ሰው የለም።

ፋይሉን ከፈለጉት በነጻ ያገኙታል። የፕሮቲን መዋቅሮች ዓለም አቀፍ ማከማቻ እ.ኤ.አ. በ1971 በ7 መዋቅሮች ተጀምሮ ዛሬ ከ200 ሺህ በላይ ይዟል፤ ባሕር ዳር ተቀምጠው ማውረድ ይችላሉ። በአህጉራችን የሌለው ጠንካራውን ጨረር የሚያመነጨው ሲንክሮትሮን የተባለው ግዙፍ መሣሪያ ነው። ለእኛ ቀረብ የሚለው እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቀው የዮርዳኖሱ ሴሳሚ ነው።

ያነበቡት ጽሑፍ የኢንዛይሙን ስም የጠቀሰ አይመስልም፤ ከገለጻዎ እንደምረዳው ግን ፎስፎትራይኤስተሬዝ ነው። ይህን ኢንዛይም የተሸከሙ ባክቴሪያዎች ከተገኙባቸው ቦታዎች አንዱ የፊሊፒንስ የሩዝ ማሳ ነው። ዳያዚኖን የተባለው ፀረ ተባይ ደጋግሞ ሲረጭበት የማሳው ውኃ መርዙን ከበፊቱ ፈጥኖ ማፍረስ ጀመረ፤ ምክንያቱ ሲፈለግ እ.ኤ.አ. በ1973 ባክቴሪያው ተለይቶ ታወቀ። እንደ ዳያዚኖን ያሉት እነዚህ መርዞች ሰው ሠራሽ ናቸው፤ በብዛት ወደ እርሻ የገቡትም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው። አፈሩ ግን በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ የሚያፈርሳቸውን አገኘ። ተመሳሳዩን በፎገራ የሩዝ ማሳ ውስጥ መፈለግ ለአንድ የማስተርስ ተማሪ ከብዙዎቹ የተደጋገሙ ርዕሶች የተሻለ ሥራ ነው እላለሁ።

የኢንዛይሙን መዋቅር የሄዘል ሆልደንና የፍራንክ ራውሽል ቡድኖች እ.ኤ.አ. በ1994 አወጡት። መካከሉ ስምንት ክሮች በርሜል ሠርተው የቆሙበት፣ ዙሪያውን ስምንት ጥምዝምዝ ሰንሰለቶች የከበቡት ፕሮቲን ነው። ያ የመጀመሪያው ፋይል ግን የሥራውን ቦታ በትክክል አላሳየም፤ ክሪስታሉ ያደገው ኢንዛይሙ ብረታ ብረቱን አውጥቶ ባዶ በሆነበት ሁኔታ ነበርና። በ1995 ኢንዛይሙ በተፈጥሮ የሚይዘው ብረታ ብረት፣ ዚንክ፣ በካድሚየም ተተክቶ ሲታይ መልኩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሁለት የብረታ ብረት አየኖች (ኤሌክትሪክ ሙሊት ያላቸው አቶሞች) ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ከፕሮቲኑ ሰንሰለት ቀለበቶች፣ ከአሚኖ አሲዶቹ፣ አራት ሂስቲዲኖችና አንድ አስፓርቴት ይይዟቸዋል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ደግሞ 169ኛው አሚኖ አሲድ፣ ላይሲን፣ ነው፤ ጫፉ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጣብቆበታል። በብረቶቹ መካከል ፕሮቶን ያጣች አንዲት የውኃ ሞለኪውል አለች፤ የመርዙን ፎስፈረስ የምትመታው እሷ ናት። ብረቶቹ ሲወጡ ላይሲኑ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይጥላል፣ በዙሪያው ያለው ሰንሰለትም ቦታውን ይለቃል። ይህን ያስረዘምሁት ለጨዋታ አይደለም፤ የኮምፒውተሩን ጥያቄዎን የሚመልሰው ይህ ነው።

ብዙ ሰው የሚጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አልፋፎልድ የተባለው የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፕሮግራም ዓይነት የፕሮቲኑን ሰንሰለት አተጣጠፍ በጥሩ ሁኔታ ይተነብያል፤ ሥራውም በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል አስገኝቷል። የሚሰጥዎ ግን ሰንሰለቱን ብቻ ነው። ዚንኩም፣ የተለወጠው ላይሲንም፣ ያቺ ውኃም አይታዩም። ኋላ የመጣው ዓይነት አየኖችንም ይተነብያል፤ ያም ሆኖ ግምት ግምት ነው፤ በሙከራ ካልተረጋገጠ ስለ መቁረጥ ችሎታው ምንም አይነግርዎትም። ከሁለቱም ደግሞ ቲማቲም የሚያጥብ ጠብታ አይወጣም።

አሁን ኢንዛይሙ ምን እንደሚቆርጥና ምን እንደማይቆርጥ እንይ፤ የብዙ ሰው ስህተት ያለው እዚህ ላይ ነውና። ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት ፀረ ተባዮች ነፍሳትንም ሰውንም የሚጎዱት አሴታይልኮሊንኤስተሬዝ የተባለውን የነርቭ ኢንዛይም በማገድ ነው። የዚህኛው መዋቅር እ.ኤ.አ. በ1991 ከአንድ የኤሌክትሪክ ዓሣ ሲገኝ የሥራ ቦታው ጠባብና ጥልቅ ገደል ሥር ሆኖ ታየ። መርዙ እዚያ ገብቶ ሴሪን የተባለው አሚኖ አሲድ ላይ ይጣበቃል፤ በቀላሉ አይወጣም። ፎስፎትራይኤስተሬዝ ግን ያንኑ መርዝ ተቀብሎ ይቆርጠዋል፣ ቁርጥራጩን ይለቃል፣ ሌላ ይቀበላል፤ ፓራኦክሶን የተባለውን መርዝ በሰከንድ ከ2 ሺህ ጊዜ በላይ። ለዚህ ፍጥነት የዳረገው በብረቶቹ ዙሪያ ያሉ ሦስት ኪሶች ናቸው፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ተቆርጦ የሚወጣው ክፍል የሚያርፍበት። ፓራኦክሶን በሦስቱም ልክ ነው። ክሎርፓይሪፎስ የተባለው ፀረ ተባይ ግን በደንብ ስለማይገጥም ተፈጥሯዊው ኢንዛይም በእሱ ላይ ይለግማል፤ ተመራማሪዎች የኪሶቹን አሚኖ አሲዶች ቀይረው እ.ኤ.አ. በ2004 ከ700 እጥፍ በላይ አሻሽለውታል። ማላታይዮንና ዳይሜቶኤት የተባሉት ላይ መቆረጥ ያለበት የፎስፈረስና የሰልፈር ትስስር ስለሆነ በጣም ይዘገያል። ከዚህ ቤተሰብ ውጪ ወዳሉት ሲመጡ ጭራሽ አይሠራም፦ ገበሬው ካራቴ የሚለው ላምዳ ሳይሃሎትሪን፣ ለቲማቲም በሽታ የሚረጨው ማንኮዜብ፣ ለአረም የሚረጩት ግላይፎሴትና ቱ ፎር ዲ፣ ከዱሮ ጀምሮ በአፈሩ ውስጥ የተቀመጠው ዲዲቲ፤ አንዳቸውንም አይነካም። በሐይቁ ዳር አንዳንዴ የሚታየው አረንጓዴ አረፋ የሚያመነጨው መርዝም ሌላ ነገር ነው፤ ፎስፈረስ የለበትም፣ በማፍላትም አይጠፋም። ስለዚህ «መርዝ የሚያፈርስ ኢንዛይም» የሚለውን ሁሉ «የትኛውን መርዝ?» ብለው ይጠይቁት።

ወደ ሐይቁ መልቀቅ የሚለውን ሐሳብ ይተዉት። ጣና 3 ሺህ ኪሎ ሜትር ካሬ ገደማ የሚሸፍን፣ ወደ 28 ኪሎ ሜትር ኩብ ውኃ የያዘ ነው። ኬሚስትሪ ስላጠኑ የሚካኤሊስና ሜንተንን ቀመር ያስታውሳሉ፤ የሚቆረጠው ነገር መጠን ሲሳሳ የኢንዛይሙም ፍጥነት አብሮ ይወርዳል። በሐይቅ ውኃ ውስጥ ተበርዞ በቢሊዮን አንድ ደረጃ ላይ ያለን መርዝ ለማሳደድ የሚያስፈልገው ኢንዛይም በጀልባ ተጭኖ አያልቅም፤ የተጨመረውንም ፕሮቲን የሐይቁ ባክቴሪያዎች ምግብ ያደርጉታል። ኢንዛይም የሠራበት ቦታ መርዙ ገና ተሰብስቦ ባለበት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ከጥጥ ማሳ የወጣ ከ80 ሺህ ሊትር በላይ የመስኖ ትርፍ ውኃ ላይ ተሞክሮ ሜቲል ፓራታይዮን የተባለውን ፀረ ተባይ በ10 ደቂቃ ውስጥ በ90 በመቶ ቀንሶታል። ልዩነቱ ውኃው ወደ ወንዝ ሳይገባ መያዙ ነው። የተቆረጠውም ቢሆን ምንም አይሆንም አይባልም፤ ከፓራታይዮን የሚወጣው ናይትሮፌኖል ራሱ ብክለት ነው፤ ከእናቱ እጅግ ይቀላል እንጂ።

በረኪናው። ክሎርፓይሪፎስ፣ ዳያዚኖንና ማላታይዮን ሲሸጡ ፎስፈረሳቸው ላይ በድርብ የታሰረ ሰልፈር አላቸው። በዚህ መልካቸው የነርቭ ኢንዛይሙን በደካማው ነው የሚያግዱት። ሰልፈሩ በኦክስጅን ሲተካ ኦክሶን ወደሚባለው መልክ ይለወጣሉ፤ ዋናው መርዝ ያ ነው። ጉበታችን ሊያጸዳ ብሎ የሚሠራው ስህተት ይኸው ነው፤ በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪንም ያንኑ ለውጥ ቲማቲሙ ላይ ያካሂድልዎታል። ጀርም እየገደሉ መርዝ ያጠነክራሉ ማለት ነው። ለመጠጥ ውኃ በመመሪያው መጠን የሚጨመረው ክሎሪን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የተቅማጥ በሽታ ከዚህ ሥጋት ይበልጣልና እሱን አያቋርጡት። የሐይቅ ውኃ ከሚረጩበት ቦታ አጠገብ ቀድተው መጠጣቱን ግን ያቋርጡ።

ለቤት የሚሆነው ቀላል ነው። ቲማቲሙን በሚወርድ ንጹሕ ውኃ እያሹ ይጠቡት፤ ፈላ ያለ ውኃ ውስጥ ነከር አድርገው ልጣጩን ገፈው ያብስሉት። ይህ ላዩ ላይ ያለውን በከፊል ይቀንሳል። ዳይሜቶኤት ግን ተክሉ ውስጥ ሰርጎ የሚዘዋወር ነው፤ ማጠብ አያወጣውም። እሱን የሚያወጣው ጊዜ ነው፤ ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ ድረስ በመለያው ላይ የተጻፉትን ቀናት ሳይሸራርፉ ይጠብቁ። የገበያ ዋጋ ስለወጣ ተረጭቶ በማግሥቱ የሚለቀም ቲማቲም እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ለቤትዎ ከፈለጉ ጥቂት መደብ ሳይረጩ ይተዉ።

ባለቤትዎን በተመለከተ ከቲማቲሙ የበለጠ የሚያሳስበኝ የርጭት ልብስ ነው። የተረጨበትን ልብስ እሷ አትጠብ፤ ራስዎ ለብቻው ይጠቡት። በደማችን ውስጥ ፓራኦክሶኔዝ የተባለ ኢንዛይም አለ፤ መዋቅሩ እ.ኤ.አ. በ2004 የታወቀ፣ ስድስት ቅጠል ያለው ፕሮፔለር የሚመስል፣ ካልሲየም የያዘ ነው፤ አንዳንድ ኦክሶኖችን ይቆርጣል። ኃይሉ ከሰው ሰው ይለያያል፤ 192ኛው አሚኖ አሲድ ግሉታሚን ወይም አርጂኒን መሆኑ ብቻ ልዩነት ያመጣል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ደግሞ ከአዋቂ እጅግ ያነሰ ነው ያለው፤ ወደ አዋቂው መጠን ለመድረስ ጊዜ ይፈጅበታል። «እኛ ለምደነዋል፣ ምንም አልሆንም» የሚለው የጎረቤት ምስክርነት ለማሕፀን ልጅ አይሠራም።

አሁን ወደ ዋናው ምክሬ። ኢንዛይም መፈለጉን ይተዉና ኢንዛይሙን የሚሠሩትን ተሕዋስያን ይቅጠሩ። ተሕዋስያኑ የመርጫ እጣቢን የሚያፈርሱበት የጭድና የአፈር መደብ ነው፤ ባዮቤድ ይባላል፤ ስዊድን ውስጥ ከ1993 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተሠርቶበታል፤ በቤትዎ ባለ ነገር ይሠራል። ሁለት እጅ ጭድ፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ የማሳዎ የላይኛው አፈር ያቀላቅሉ፤ ርጥበት ሰጥተው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ያሳድሩት። 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ወይም ገንዳ ውስጥ ይሙሉት፤ ከሥሩ 10 ሴንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር ይኑረው፣ ከላዩ ሣር ይብቀልበት። መርጫውን የሚሞሉት፣ የሚያለቀልቁትና የሚያጥቡት ከዚያ ላይ ብቻ ይሁን። ጭዱን ለማፍረስ ፈንገሶች የሚያወጧቸው ኢንዛይሞች እንደ ፎስፎትራይኤስተሬዝ መራጭ አይደሉም፤ ካራቴውንም ማንኮዜቡንም ይሞክራሉ፤ አፈሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች የቀረውን ይወስዳሉ። ከማሳዎ አፈር ይጨመር ያልሁት ለዚህ ነው፤ ኬሚካሉን የለመዱት እዚያ ናቸው።

ቦታ አመራረጡ ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ የስዊድኑ መመሪያ ጣናን አያውቅም። ባሕር ሸሽ መሬት ላይ አይሥሩት። ሐይቁ በክረምቱ ዝናብ ሞልቶ መስከረምና ጥቅምት ላይ ከፍ ሲል ያጠራቀሙትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወስደዋል። የውኃው የመጨረሻ ምልክት ከደረሰበት በላይ፣ ከጉድጓድ ውኃም የራቀ ቦታ ይፈልጉ። የባሕር ዳር ክረምት ደግሞ እንደምታውቁት ነው፤ ቆርቆሮ ወይም ላስቲክ ካላለበሱት ጨቅይቶ አየር ያጣል፣ ፈንገሶቹ ይሞታሉ፣ መርዙም ይወርዳል። መዳብ ያለበትን የፈንገስ መድኃኒት እዚያ አያጥቡ፤ መዳብ ንጥረ ነገር ስለሆነ ማንም አያፈርሰውም፤ ተጠራቅሞ ተሕዋስያኑን ይገድላል። እምቦጭን በጭድ ፋንታ የሚያስቡ ካሉ ዘሩ እንዳይተርፍ በደንብ የበሰለ መሆን አለበት፤ እኔ ግን የጤፍ ጭድ እያለ አልደክምበትም። ቅልቅሉ ሲሟሽሽ በየዓመቱ ጭድ ይጨምሩበት፤ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ሲሞላው ያውጡትና ማሳ ላይ ከመበተንዎ በፊት አንድ ዓመት ለብቻው ይቆይ። ሊይዝ የሚችለው የእጥበትና የፍሳሽ ውኃ ነው፤ ያልተበረዘ ኬሚካል ወይም ጊዜው ያለፈበት ጠርሙስ የሚደፋበት አይደለም።

ስለ አሮጌ ኬሚካል ካነሣሁ፣ ማላታይዮንን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በሙቀት አያቆዩ። ሙቀት ከፊሉን ወደ አይሶማላታይዮን ይለውጠዋል፤ ይህ ደግሞ ሰውነታችን ማላታይዮንን የሚያፈርስበትን ኢንዛይም ያግዳል። እ.ኤ.አ. በ1976 ፓኪስታን ውስጥ ለወባ መከላከያ ሲረጩ ከነበሩ 7,500 ሠራተኞች ወደ 2,800 የሚጠጉት የተመረዙት፣ አምስቱም የሞቱት በዚሁ ምክንያት ነው። ባዶውን ጠርሙስ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው፣ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምረው፣ ጠርሙሱን ይብሱት፤ ዘይት ወይም አረቄ እንዳይቀዳበት።

ከእናንተ አንዱ ከርጭት በኋላ የዓይኑ ብሌን ከጠበበ፣ ምራቁና ላቡ ከበዛ፣ ካስመለሰው፣ ጡንቻው ከተንቀጠቀጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ወተት እየሰጡ ጊዜ አይግደሉ፤ ወተት መርዙን አያረክስም። እንዲያስመልሰውም አያስገድዱት። ልብሱን አውልቀው ሰውነቱን በሳሙና ይጠቡ፤ የሚያጥበው ሰው ጓንት ያድርግ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል ይውሰዱት። አትሮፒንና ፕራሊዶክሲም የተባሉት ማርከሻ መድኃኒቶች ቶሎ ሲሰጡ ነው የሚያድኑት፤ መርዙ የነርቭ ኢንዛይሙ ሴሪን ላይ ከቆየ ትስስሩ ስለሚጠብቅ ፕራሊዶክሲሙ አያስለቅቀውም። የጠርሙሱን መለያ ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ የኬሚካሉን ስም ነው።